ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ መታጠቢያ ቤት ለማደስ፦ ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ፈቃድ

ጥያቄው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ገዝተናል። ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት 5 በ8 ጫማ ነው። ገንዳውን አውጥተን ሻወር ልናደርገው፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ልናዞረው፣ አየር ማስወጫ ፋንና አዲስ ሶኬት ልናስገባ ነው። ሥራውን የሚይዝልን የምናውቀው ልጅ ‹የውስጥ ሥራ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከፈለጋችሁም በራሳችሁ ስም አውጡት› ይላል። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ አንድ ቢሮ ብቻ ሄዶ ሁሉንም እንደጨረሰ ነገረኝ። ማንን እንስማ? እስከዚያስ ማፍረሱን ብንጀምር ችግር አለው?»

ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ያውም ሦስት። የግንባታና የኤሌክትሪክ ፈቃድ የሚሰጠው የሞንጎመሪ ካውንቲ የፈቃድ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ዊተን ውስጥ ሪዲ ድራይቭ ላይ ይገኛል፤ ሰዎች በአጭሩ ዲፒኤስ ይሉታል። የቧንቧ ፈቃድ ግን ካውንቲው አይሰጥም። እሱ የሚወጣው ለሞንጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውሃ ከሚያቀርበውና ፍሳሽ ከሚያስወግደው ከደብሊውኤስኤስሲ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከካውንቲው የግንባታ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ይጀምራል፤ ግድግዳ ለመዝጋት ሲዘጋጅ የቧንቧው ፈቃድ የለም ይባላል።

ወንድምዎ የነገሩዎት ለሚኖሩበት ከተማ ትክክል ነው፤ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ እዚያ ቧንቧውንም ኤሌክትሪኩንም የሚያየው ከተማው ነው። ዲሲ ደግሞ የራሱ የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት አለው፤ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት ተለይቶ የቆመው በጥቅምት 2022 ነው። የእኛ ሰው በሦስቱ ግዛቶች ተሰባጥሮ ስለሚኖር በእድርም በቡና ላይም የሚሰማው ምክር ይቀላቀላል። ምክር ሲሰጥዎት መጀመሪያ «ያንተ ቤት የት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሞንጎመሪ ውስጥም ልዩነት አለ። ቤቱ በሮክቪል ወይም በጌተርስበርግ ከተማ ወሰን ውስጥ ከሆነ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው ከተማው ራሱ ነው። የፖስታ አድራሻው «ሮክቪል» ስለሚል ብቻ ቤቱ ከተማው ውስጥ ነው ማለት እንዳልሆነም ይወቁ። ወሰኑን በ311 ደውለው ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሲደውሉ በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

«የውስጥ ሥራ ስለሆነ አያስፈልግም» የሚለው ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ቀለም መቀባት፣ ሴራሚክ መለወጥ፣ ካቢኔትና የጠረጴዛ ድንጋይ መቀየር ፈቃድ አይጠይቅም። መቀመጫውን በነበረበት ቦታ፣ በነበረው ቧንቧ ላይ አንስቶ መልሶ መትከልም እንዲሁ ነው። መስመሩ የሚሰመረው ግን በውስጥና በውጭ መካከል ሳይሆን በሚታየውና በሚደበቀው መካከል ነው። ቧንቧ ቦታ ከለቀቀ፣ የፍሳሽ መስመር ከተቀየረ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ከተሳበ፣ የግድግዳ ወይም የወለል እንጨት ከተነካ ፈቃድ አለበት። የእርስዎ ሥራ አራቱንም ይነካል።

በማን ስም ይውጣ?

ሥራውን በሚይዘው ኮንትራክተር ስም ይውጣ፤ በእርስዎ ስም አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት በክፍያ የሚያድስ ሁሉ ከሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን፣ ማለትም ከኤምኤችአይሲ፣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን ተቀብለው በስቴቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ማመሳከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «በእናንተ ስም አውጡት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር የሌለው ነው። በስምዎ ካወጡት በካውንቲው ፊት የሥራው ኃላፊ እርስዎ ይሆናሉ። ፍተሻ ቢወድቅ የሚጠየቁት፣ ግድግዳ አፍርሱ ቢባል ወጪውን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ከዚያም በላይ ኮሚሽኑ ለተጎዱ የቤት ባለቤቶች የሚክስበት የዋስትና ፈንድ አለው፤ የሚሸፍነው ግን ፈቃድ ያላቸው ኮንትራክተሮች የሠሩትን ብቻ ነው።

የምታውቁት ልጅ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ጥሩ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ ከሌለው ግን ፈቃድ ባለው ኮንትራክተር ሥር ይሥራ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የኤምኤችአይሲ ቁጥሩም ይጻፍበት። በሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር ውል ሳይፈረም ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ሲፈረምም ከጠቅላላ ዋጋው ሲሶ በላይ መውሰድ አይፈቀድለትም። «ግማሹን ስጡኝ፣ ዕቃ ልግዛ» ከተባሉ ይህን ያስታውሱ።

የቧንቧ ፈቃዱን የሚያወጣው በደብሊውኤስኤስሲ ፈቃድ ያለው ማስተር የቧንቧ ባለሙያ ነው። የኤሌክትሪኩንም ፈቃድ ያለው ማስተር ኤሌክትሪሺያን ያወጣል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ «ሦስቱን ፈቃድ ማን በማን ስም ያወጣል? ክፍያቸው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ።

መቀመጫውን ማዞር፦ ከባዱ ነገር ወለሉ ውስጥ ነው

ከዘረዘሩት ሁሉ ዋጋውንም ፈቃዱንም የሚወስነው መቀመጫውን ማዞሩ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ 3 ኢንች ቧንቧ ይፈልጋል። «3 ኢንች» የሚባለው ግን የውስጡ ስፋት ነው፤ ከውጭ ሲለካ 3½ ኢንች ነው። ይህ ቧንቧ የሚሄደው ወለሉን በተሸከሙት እንጨቶች፣ ማለትም በጆይስቶቹ መካከል ነው።

የግንባታ ደንቡ ጆይስት ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ከእንጨቱ ቁመት ሲሶ እንዳይበልጥ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ጠርዝ ቢያንስ 2 ኢንች እንዲርቅ ያዛል። ሒሳቡን እንሥራው። ዛሬ 2 በ8 የሚባለው እንጨት ትክክለኛ ቁመቱ 7¼ ኢንች ነው፤ ሲሶው ከ2.4 ኢንች ትንሽ ይበልጣል። 2 በ10 የሚባለው 9¼ ነው፤ ሲሶው ወደ 3.1 ኢንች ገደማ። ስለዚህ 3½ ኢንች የሆነ ቧንቧ በሁለቱም ውስጥ በደንቡ መሠረት አያልፍም። የሚያልፈው በ2 በ12 ውስጥ ብቻ ነው፤ የመኝታ ፎቅ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ እንጨት ብርቅ ነው። ከእንጨቱ ጠርዝ ቆርጦ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም። ቆረጣው ከቁመቱ ስድስተኛ እጅ መብለጥ አይችልም፣ በእንጨቱ መካከለኛ ሲሶ ርዝመት ላይ ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው።

ተቆጣጣሪዎች አሮጌ መታጠቢያ ቤት ሲከፈት ደጋግመው የሚያገኙት ጉዳት ይኸው ነው። ቀደም ብሎ የሠራ ሰው ቧንቧውን ለማሳለፍ እንጨቱን ግማሽ ድረስ በመጋዝ ቆርጦታል። ወለሉ ወዲያው አይወድቅም፤ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ሴራሚኩ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ በመቀመጫው ሥር ያለው ማሸጊያ ይለቃል፣ ታች ያለው ጣሪያ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል።

ስለዚህ አዲሱ ቦታ ከዋናው የፍሳሽ ወራጅ ቧንቧ አንፃር ጆይስቶቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ ላይ ከሆነ ቧንቧው በሁለት እንጨቶች መካከል ይሄዳል፤ ሥራው ቀላል ነው። ጆይስቶቹን የሚያቋርጥ ከሆነ ሦስት መንገድ ብቻ አለ። ከታች ያለውን ጣሪያ ዝቅ አድርጎ ቧንቧውን በሣጥን መሸፈን አንዱ ነው። ሁለተኛው መሐንዲስ ሥዕል ሠርቶ ጆይስቱን ቆርጦ በተሻጋሪ እንጨት ማሰር ነው፤ ይህ ከማመልከቻው ጋር የመሐንዲስ ማኅተም ያለው ሥዕል ይጠይቃል። ሦስተኛው መቀመጫውን ባለበት መተው ነው። 5 በ8 በሆነ ክፍል ውስጥ መቀመጫ ማዞር የሚያስገኘው ቦታ ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ ወጪው ግን ትልቅ ስለሆነ ሦስተኛውን ከመናቅዎ በፊት በደንብ ያስቡበት።

ለማዞር ከወሰኑ ልኬቶቹን ይያዙ። ከመቀመጫው መሐል እስከ ጎን ግድግዳ ወይም ካቢኔት ቢያንስ 15 ኢንች፣ ከፊቱ ቢያንስ 21 ኢንች ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ፍሳሹ ከኋላ ግድግዳ 12 ኢንች ይርቃል፤ ይህ የሚለካው ካለቀው ግድግዳ ነው። ከእንጨቱ ከተለካ ግን ቦርዱና ሴራሚኩ ሲገቡ ወደ አንድ ኢንች ይበላሉ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል።

ከገንዳ ወደ ሻወር

የድሮው ገንዳ ፍሳሽና ሲፎን፣ ማለትም ከሥሩ ውሃ ይዞ የሚቆየው ጠማማ ቧንቧ፣ 1½ ኢንች ነው። ለሻወር 2 ኢንች አድርገው ያቅዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገንዳው ፍሳሹ ቢዘገይ ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ የሻወር ደጃፍ ግን ጥቂት ኢንች ብቻ ስለሆነ ጸጉር ትንሽ ከዘጋው ውሃው ወለሉ ላይ ይፈሳል። የቧንቧው አየር መስመርም ይታያል፤ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተስቦ እንዳይጠፋና ሽታ እንዳይመለስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሻወሩ ከውስጥ ቢያንስ 30 በ30 ኢንች ይሁን። ከመግቢያው ፊት 24 ኢንች ነፃ ቦታ፣ ከበሩ 22 ኢንች ክፍተት ያስፈልጋል፤ በሩ ወደ ውጭ መከፈት መቻል አለበት። ወለሉ ለእያንዳንዱ ጫማ ቢያንስ ¼ ኢንች ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። ብዙ ሰው የሚሳተው ከሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ሽፋንም እንዲሁ ማዘንበል እንዳለበት ነው። ሴራሚኩ ብቻ ካዘነበለ በመጋጠሚያው የሰረገው ውሃ ሽፋኑ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል። ከሴራሚኩ ጀርባ ተራ የጂፕሰም ቦርድ፣ አረንጓዴውም ቢሆን፣ አይለጠፍ፤ የሲሚንቶ ቦርድ ወይም ተመጣጣኙ ይሁን። ውሃ የማያስገባው ግድግዳ ከወለሉ ቢያንስ 6 ጫማ ከፍ ይላል።

ሽፋኑ ከተነጠፈ በኋላ ፍሳሹ ተደፍኖ ውሃ ይሞላበታል፤ ደጃፉ ላይ ሲለካ ቢያንስ 2 ኢንች ጥልቀት እስኪኖረው፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። ደንቡ ይህን ብቻ ቢጠይቅም ሌሊቱን ሙሉ ትታችሁ ጠዋት ታች ያለውን ጣሪያ ብታዩ ይሻላል።

የድሮው ባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ ለአዲስ ሻወር አይሆንም። ሌላ ሰው ታች ውሃ ሲከፍት እንዳያቃጥል ግፊትን ወይም ሙቀትን የሚያመጣጥን፣ ከፍተኛው ሙቀት ከ120 ፋራናይት እንዳይበልጥ የተገደበ ቧንቧ ግዴታ ነው። ገደቡ ፋብሪካ ውስጥ አይስተካከልም፤ ሲገጠም በቴርሞሜትር ይለካ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን አደራ እላለሁ። ሻወሩ ውስጥ መስኮት ካለና የታችኛው ጠርዙ ከመቆሚያው 60 ኢንች ካልሞላ መስታወቱ ሲሰበር የማይቆርጠው ዓይነት መሆን አለበት።

ኤሌክትሪኩና ፋኑ

በ1950ዎቹ ቤት የመታጠቢያ ቤቱ መብራትና ሶኬት ብዙ ጊዜ ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። አዲሱ ሶኬት ከብሬከር ሣጥኑ የሚመጣ የራሱ 20 አምፔር መስመር ይፈልጋል፤ ገመዱ 12 ቁጥር ነው። ሶኬቱ ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ከ36 ኢንች አይራቅ፤ ጂኤፍሲአይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲሾልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያም ይኑረው። ማብሪያ ማጥፊያ ሻወር ውስጥ አይገጠምም። ከሻወሩ በላይ የሚገጠም መብራት ለእርጥብ ቦታ የተሠራ ይሁን።

ፋኑ በደቂቃ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር ማውጣት አለበት። ትልቁ ስህተት የፋኑን አየር ማስወጫ ቧንቧ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ለቅቆ መተው ነው። እንፋሎቱ ክረምት ላይ በቀዝቃዛው እንጨት ላይ ጤዛ ሆኖ ሻጋታ ያበቅላል። በጣሪያ ወይም በግድግዳ በኩል እስከ ውጭ ድረስ ይውጣ፤ በቀዝቃዛው ጣሪያ ሥር የሚያልፈውም በሙቀት መከላከያ ይጠቅለል፤ አለበለዚያ ውሃው ተመልሶ በፋኑ ይንጠባጠባል።

ማፍረስ አሁን ይጀመር?

አይጀመር። ፈቃድ ሳይወጣ የተጀመረ ሥራ ሥራ አቁም የሚል ማስታወቂያ ሊለጠፍበት ይችላል። ቤተሰቡም አንድ መታጠቢያ ቤት አጥቶ ይቆያል። ለማመልከቻው ግን የጆይስቶቹ አቅጣጫና ልክ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ከታች ባለው ጣሪያ ላይ አንድ በአንድ ጫማ የሆነች ቀዳዳ ከፍተው ማየት ይበቃል።

ቤቱ ከ1978 በፊት ስለተሠራ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በፌዴራል ደንብ፣ ተከፍሎት የሚሠራ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ከ6 ካሬ ጫማ በላይ የተቀባ ቦታ የሚነካ ከሆነ በእርሳስ ደኅንነት የተመሰከረለት ድርጅት መሆን አለበት። ይህ ደንብ ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ ይሠራል። የምስክር ወረቀቱን ይጠይቁ። ትንሿን ቀዳዳ ሲከፍቱም ቦታውን አርጥበው፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፈው፣ ልጆችን አርቀው ይሁን። ከወለሉ ሥር 9 በ9 ኢንች የሆኑ የድሮ ታይሎች ከታዩ ሳይሰበሩ ቆመው ያስመርምሩ፤ እነዚያ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለባቸው።

ማመልከቻው የሚቀርበው በዲፒኤስ ድረ ገጽ ነው። ሁለት የወለል ሥዕል ይያያዛል፤ አንዱ አሁን ያለውን፣ ሌላው የሚሆነውን ያሳያል። ልኬት፣ የመቀመጫና የሻወር ቦታ፣ የሚነሳ ግድግዳ፣ የጆይስቶች አቅጣጫና ልክ፣ ፋኑ የሚወጣበት ቦታ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያዎች ይታዩበት። የሥራው መግለጫ ላይ «መታጠቢያ ቤት ማደስ» ብሎ መተው መመለስን ይጋብዛል። «ገንዳ ወጥቶ 32 በ60 ኢንች ሻወር ይገባል፣ መቀመጫ ወደ ምሥራቅ ግድግዳ ይዞራል፣ ተሸካሚ ግድግዳ አይነካም» የሚል መግለጫ ጥያቄ ይቀንሳል። የጋራ ሕንፃ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ የማኅበሩን ስምምነት አስቀድመው ያግኙ፤ የካውንቲው ፈቃድ እሱን አይተካም።

የፍተሻው ተራ

ቧንቧና ሽቦው ተዘርግቶ፣ ግድግዳው ክፍት ሆኖ፣ የደብሊውኤስኤስሲ ተቆጣጣሪ የቧንቧውን ራፍ-ኢን፣ ማለትም ግድግዳ ሳይዘጋ የተዘረጋውን መስመር፣ ያያል፤ የካውንቲው ደግሞ የኤሌክትሪኩን። ሁለቱ ካለፉ በኋላ የእንጨቱ ፍተሻ ይመጣል። ቦርድ የሚለጠፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ነው። አንዱን አስቀድሞ መዝጋት የሌላውን ፍተሻ ያበላሻል፤ ተቆጣጣሪው ያላየውን አያጸድቅም፣ ክፈቱ ይላል። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ የሚጥለው ትንሽ ነገር ነው። ቧንቧ ወይም ገመድ ከእንጨቱ ፊት ከ1¼ ኢንች ባነሰ ርቀት ካለፈ ሚስማር እንዳይወጋው የብረት ሰሌዳ ይገጠምበታል፤ ዋጋው ሳንቲም ነው፣ መርሳቱ ግን አንድ ሳምንት ያስከፍላል።

ከዚያ የሻወር መያዣው የውሃ ፍተሻ፣ ሴራሚክ፣ ዕቃ መግጠም፣ በመጨረሻም የሦስቱም ፈቃድ የመጨረሻ ፍተሻ ይከተላል። ሰው ሳይጠብቀው ፍተሻ የሚጥለው ነገር ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲወጣ የቤቱ ጭስ ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ይታያሉ፤ በየመኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጭ ባለው መተላለፊያ፣ በየፎቁ። በሜሪላንድ ሕግ በባትሪ ብቻ የሚሠሩት የታሸገ የ10 ዓመት ባትሪ ያላቸው መሆን አለባቸው። ከ10 ዓመት በላይ የቆዩትን አስቀድመው ይቀይሩ። በጋዝ የሚሞቅ ቤት ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከመኝታ ቤቶቹ አጠገብ ይኑር።

ክፍያውንም ከፍተሻው ጋር ያያይዙት። ሲፈረም እስከ ሲሶ፣ የክፍት ግድግዳው ፍተሻዎች ሁሉ ሲያልፉ ሁለተኛውን፣ የቀረውን ደግሞ የመጨረሻ ፍተሻዎቹ ካለፉ በኋላ። «ሥራው አልቋል» የሚለው ቃል የኮንትራክተሩ ሳይሆን የተቆጣጣሪው ይሁን። ቤት ሲሸጡ የሚሞሉት የሜሪላንድ የንብረት መግለጫ ቅጽ ለተደረጉ ማሻሻያዎች አስፈላጊው ፈቃድ ወጥቶ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። የወጣ ግን በመጨረሻ ፍተሻ ያልተዘጋ ፈቃድ ደግሞ በካውንቲው መዝገብ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቼክ ከመጻፍዎ በፊት የካውንቲው ሁለት ፈቃዶች በዲፒኤስ ድረ ገጽ ላይ መዘጋታቸውን ራስዎ ያረጋግጡ፣ የደብሊውኤስኤስሲውንም የቧንቧ ባለሙያው በጽሑፍ እንዲያሳይዎት ያድርጉ።